የታሸገው ብሎን

ወደ መቲ ከተማ የሚወጣው ዳገት ከጀመረ ወዲህ ጂፗ ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ሾፌሩ ተሰማ ጭሱን በጎን መስታወት እያየ ጥርሱን ይነክሳል። ጭሱ በከንቱ የሚሄድ ቤንዚን ነው፤ በሚቀጥለው ግምገማ ግን ተሰማ የሸጠው ቤንዚን ይባላል።

ጋምቤላ ክልል ከሆነ ወዲህ ተሰማ የሚሠራበት የመንግሥት ቢሮ ያለችው መኪና ይህችው አሮጌ ብቻ ናት። ለጋምቤላ ሙቀት የተስተካከለ ካርቡራተር፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ ደጋ ሲወጣ አየሩ ይሳሳበትና ቤንዚን ይበዛበታል። መድኃኒቱ የቤንዚኑን ብሎን ሩብ ዙር ማጥበቅ፣ ሲወርዱም መልሶ ማላላት ነው። ተሰማ ሁልጊዜ እንደዚያ ያደርግ ነበር። ታዲያ መንገድ ዳር ቆሞ ኮፈን ሲከፍት ታየና ቤንዚን ይቀዳል ተብሎ ተገመገመ። የሦስት ሰው ኮሚቴ ተቋቁሞ ብሎኑን አሸገ። መጀመሪያ በቀይ ሰም አሸገው፤ ሰሙ ባሮ ድልድይ ሳይደርስ ሞተሩ ላይ ቀለጠ። ከዚያ በሽቦና በእርሳስ ማኅተም አደረገው። እሽጉን የበጠሰ ሾፌር ይባረራል። ከተፈቀደለት ቤንዚን በላይ የፈጀም ይባረራል።

ከኋላ፣ አቦቦ ላይ ከነበቆሎ ጆንያዋ የተሳፈረችው እሙዬ፣ ባሏ እንኳ እንደዚህች መኪና እንደማይጠጣ ተናገረች። የሳቀ የለም።

ለደርሶ መልስ የተፈቀደው ቤንዚን ገና መቲ ሳይደርሱ ከግማሽ በታች ሲወርድ ተሰማ ዳር ይዞ ቆመ። ከጠፋች እንደማትነሳ ስለሚያውቅ ሞተሩን ሳያጠፋ ኮፈኑን ከፈተ። ከጎኑ የነበረው የቢሮው ምክትል ኃላፊና የኮሚቴው አባል፣ አቶ ኦጆት፣ ወረደ። ስለ አየሩ ማስረዳት አላስፈለገም፤ ኦጆት በስብሰባው ላይ ይህንኑ ተናግሮ ሁለት ለአንድ ተሸንፏል። እንግዲያው ይብጠሱት አለው ተሰማ። ኦጆት እሽጉ የሚነሳው ሦስቱም አባላት ሲስማሙ እንደሆነ አስታወሰው። ሌሎቹ ሁለቱ ጋምቤላ ናቸው። ይደወልላቸዋ! አለ ተሰማ። ስልኩ ያለው መቲ ነው አለው ኦጆት።

እሙዬ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ለምን እንደቆሙ ጠየቀች።

«ኮሚቴ ነው» አላት ተሰማ።

«ሞተሩ ውስጥ?»

ኦጆት ሽንቱን ሊሸና ወደ ጫካው እንደሚገባ፣ ምናልባትም እንደሚዘገይ ተናገረ። እዚያ ሆኖ መኪናዋ እንደማትታየውም ጨመረ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ዛፎቹ አመራ።

ተሰማ ፒንሳውን አነሳ። ሽቦው ቀጭን ነው፤ አንድ ጊዜ ጨበጥ ቢያደርገው ያበቃል። ፒንሳውን ግን ዝቅ አደረገና ተጣራ።

«አቶ ኦጆት፣ አይሂዱ። እርስዎ ሳያዩ ከበጠስኩትማ፣ የሚሉኝ ሌባ ሆንኩ ማለት ነው።»

ኦጆት ባለበት ቆመ። ሞተሩ እየሳለ ቤንዚኑን ይጠጣል። ኦጆት ተመለሰ፤ የነጭ ሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ መዳፉን ዘረጋ። ተሰማ ፒንሳውን ሰጠው።

ኦጆት ጎንበስ ብሎ ሽቦውን በፒንሳው አፍ ያዘና ቀና ሳይል ጠየቀ፦

«ስብሰባ ላይ ምን እላለሁ?»

ጭሱ ቁልቁል ወደ ሜዳው ይወርዳል፤ ፒንሳው ሽቦውን እንደነከሰ ነው።