ጭሱ ገና ነው

ጌም ትውልዱን አበላሸው እያላችሁ በየስብሰባው የምታለቅሱ ሰዎች፣ መጀመሪያ እኔን ጠይቁኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከክፍል ስወጣ ሲቀላ ሰፈር እትዬ ልክነሽ ጌም ቤት ገብቼ እተኩሳለሁ። ጌሙ አላበላሸኝም። ተበላሽቼ ነው የገባሁት፤ ያወቅሁት ግን እዚያ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው።

የምንጫወተው እንደ ልጆቹ ጌም እየዘለሉ የሚገድሉበት አይደለም። አንድ ጥይት ይበቃሃል። ስንት እንደገደልክ የሚቆጥርልህ የለም፣ ጠላት የት እንዳለ የሚያሳይ ቀይ ነጥብ የለም። ካርታ አለህ፣ ሬዲዮ አለህ፣ ሦስት ባልደረቦች አሉህ። ከተመታህ ወድቀህ ዘጠና ሰከንድ ትደማለህ። የጓዱ ሐኪም ደርሶ ቁስልህን ካሰረልህ ትነሣለህ። ካልደረሰ ሞተሃል፤ ጨዋታው እስኪያልቅ የሌላውን ስክሪን እያየህ ትቀመጣለህ።

አራት ነበርን። የጓድ መሪው እኔ፣ አጵሎስ። መትረየስ የሚይዘው ይፍሩ፤ ቀን ባጃጅ ይነዳል፣ ሲስቅ ሰፈሩ ይሰማል። አልሞ ተኳሿ አይዳ፤ ፋርማሲ ትሠራለች፣ የምትናገረው ሲጠይቋት ብቻ ነው። ሐኪማችን ደግሞ ሀብተሚካኤል፣ ከጨንቻ የወረደ የመሬት ቀያሽ። ካርታ ላይ አንድ ጊዜ ካየ፣ የትኛው ጉብታ የትኛውን ጎድጓዳ እንደሚሸፍን ዓይኑን ጨፍኖ ይነግርሃል።

የሀብቴ እናት ሸክላ ትሠራለች። ይህ በጋሞ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። ሸክላ ሠሪ ከገበሬ ልጅ ጋር አይጋባም፣ ከገበሬ ጋር ከአንድ ሳህን አይበላም፣ አገር በሚመክርበት ሜዳ፣ በዱቡሻ፣ መቀመጫ አልነበረውም። «አልነበረውም» የምለው ዛሬ ሕግ ስለከለከለ ነው። ሕጉ ዱቡሻው ድረስ ደርሷል፤ ጨጓራችን ውስጥ ግን አልገባም። ለእነዚህ ሰዎች የወጣ ስድብ አለ፤ አንድ ቃል ነው። እዚህ አልጽፈውም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ! ፌስቡክ ላይ ከዲያቆንም ከወንጌላዊም ተሰዳድቤበታለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ከሀብቴ ጋር ጨንቻ ወጥቼ፣ እናቱ ቤት ቆጮ በጎመን ከአንድ ሳህን በልቼ፣ ፎቶዋን አንስቼ፣ «ከሸክላ ሠሪዋ ማዕድ» የሚል ጽሑፍ ለጠፍኩ። ዘጠኝ መቶ ሰው ወደደልኝ። ሀብቴ አልወደደም። ያኔ ኔትወርክ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ሐሙስ ዕለት ልምምድ ላይ ነበርን። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ከሐዋሳ ጓድ ጋር ግጥሚያ አለን፤ ያሸነፈ አዲስ አበባ ይሄዳል። ሙቀቱ የጉድ ነው፣ ከአባያ በኩል ነፋስ የሚባል ነገር የለም፣ የእትዬ ልክነሽ ቬንትሌተር ያንኑ አየር ያመላልሳል። ልምምዱ አንድ ድልድይ ማቋረጥ ነበር። ሀብቴ «ቆይ» እያለኝ እኔ መሻገር ጀመርኩ፤ መጠበቅ አልወድም። ግማሽ ሳልደርስ ወደቅሁ።

«ሐኪም!»

«አይቼሃለሁ» አለ ሀብቴ። «ከማዶ መስኮት አለ፣ መስኮቱ አላማረኝም። መጀመሪያ የሚሸፍነኝ ጭስ ይወርወርልኝ።»

«የምን መስኮት ነው? እየደማሁ ነው እኮ!»

«ጭሱ ገና ነው፣ አጵሎስ። ጠብቅ።»

«ሃምሳ ሰከንድ ቀረኝ!»

«ይፍሩ፣ ጭስ አለህ?»

«አንድ አለኝ መሰለኝ… ቆይ… አይ፣ እሱ ቦምብ ነው» ብሎ ይፍሩ ሳቀ።

ሀብቴ ከድልድዩ አፍ፣ ከድንጋይ ኋላ ተቀምጦ ይታየኛል። አልመጣም። ስክሪኔ አመድ ሆነ፤ ሞትኩ። ያን ጊዜ ያ የማልጽፈው ቃል ከአፌ ወጣ። አባቴ ይለው እንደነበረው፣ በአባቴ ድምፅ፣ ከነንቀቱ። በሄድፎን አራታችንም ሰማን፤ ያለ ሄድፎን ቤቱ በሙሉ ሰማ።

ይፍሩ ሳቁን አቆመ። ሀብቴ ሄድፎኑን አወለቀ፣ ገመዱን መዳፉ ላይ አንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቀለለ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ወጣ።

«ምን አልክ አንተ?» አለች አይዳ።

«ጌም ነው እኮ።»

«ጌሙ ውስጥ ያ ቃል የለም» አለች። «አንተ ነህ ይዘኸው የገባኸው።»

እትዬ ልክነሽ ከበሩ ሆና «መብራት ከሄደ ጄኔሬተር አለኝ» አለች። «እንዲህ ያለ አፍ ካለ ግን መውጫው ያውና፣ መምህር።»

ዓርብን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። የአንድ ተማሪ ፈተና ሁለት ጊዜ አርሜ ሁለት የተለያየ ውጤት ሰጠሁት። ለሀብቴ አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ፤ አያነሳም። ከሲቀላ ሀብቴ ወደሚኖርበት ሴቻ ዳገቱን ወጣሁ፣ ከበሩ ሳልደርስ ተመለስኩ፣ ደግሜ ወጣሁ። መንገድ ላይ ለራሴ እከራከራለሁ፤ አምልጦኝ ነው፣ ተናድጄ ነው፣ ማን ነው እንደ እኔ የጻፈላቸው? «የጻፈላቸው» ስል ራሴን ሰማሁትና ቆምኩ። መጀመሪያ የጨነቀኝ የቅዳሜው ግጥሚያ ነበር፤ አልዋሽም። ማታ ላይ ግን የሚታየኝ ሄድፎኑን የጠቀለለው እጅ ነው። ያ እጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት መቶ ጊዜ ቁስሌን አስሯል። ከዚያ ቤት ውጪ ሌላ ጓደኛ የለኝም፤ ሌሎቹን በክርክር ጨርሻቸዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የተማረ ጋሞ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ባህል ትዝ አለኝ። እኛ ዘንድ የበደለ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ይንበረከካል። ሣር የተያዘለት ሰው እምቢ አይልም። ወገን ተሰልፎ ሊጋደል ሲል እንኳ ሽማግሌ ሣር ይዞ መሐል ከተንበረከከ፣ የሚሻገረው እግር የለም። ከሙዝ ማሳው ዳር፣ ከቦዩ አፍ፣ እጄ ሙሉ ነጨሁና ወደ ሴቻ ወጣሁ።

ሀብቴ ግቢው ውስጥ ልብስ ያጥባል። የቤት አከራዩ እማማ ስመኝ በረንዳው ላይ ጎመን ይቀነጥሳሉ። ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ፊት ተንበረከክሁ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ሀብቴ።

«አጥፍቻለሁ። ይቅር በለኝ።»

እማማ ስመኝ ጎመናቸውን ትተው ተነሡ። «ውይ፣ ሣር ይዞ! በል ልጄ፣ ተቀበለው። ሣር ተይዞ ዝም አይባልም፣ ነውር ነው።»

ሀብቴ ሸሚዙን ጨመቀ። ውኃው እስኪያልቅ ጨመቀው።

«አየህ?» አለኝ። «ሐሙስ ተሳዳቢው አንተ ነበርክ። ዛሬ እምቢ ብል ነውረኛው እኔ ልሆን ነው። ይህን አስበህበት ነው የመጣኸው፣ ወይስ ሳታስብ?»

«ባህሉ ነው…»

«ባህሉን ለኔ አታስተምረኝ! አያቴ ዱቡሻ ላይ አልተቀመጠም። በሬውን ሲነዱበት፣ ልጁን ሲደበድቡበት፣ አንድ ሰው ሣር ይዞ ደጁ አልመጣም። ሣሩ በናንተ መሐል ነበር የሚመላለሰው። አሁን እኔ ዘንድ የደረሰው አፌን ለመዝጋት ነው?»

መልስ ነበረኝ። እግዜር ይይልኝ፣ ሦስት መልስ ነበረኝ፣ አንዱ ጥሩ ነበር። ዋጥኩት።

«ኧረ በገብርኤል፣ ሀብቴ!» አሉ እማማ ስመኝ።

«እማማ፣ እርስዎ አይግቡበት፣ እባክዎ።» ወደ እኔ ዞረ። «ተነሥ። ይቅርታ ዛሬ የለኝም። አሥር ሰዓት ላይ ግን እመጣለሁ፤ ለአይዳና ለይፍሩ ስል። የጓድ መሪው እኔ ነኝ። አንተ ሐኪም ነህ። ካልጠየቅሁህ ትንፍሽ አትልም።»

«እሺ።»

«ሣርህን ይዘህ ሂድ።»

ከዚህ የባሰ መንገድ ሄጄ አላውቅም። ሣር የያዘ ሰው ሲያልፍ ሰው ይቆምለታል። ባጃጆች ፍጥነት ቀነሱልኝ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ሰላም ያውርድ» አሉኝ፤ የማስታርቅ መስያቸው። ሣሩን መጣል ደግሞ አይሆንልኝም። ዳገቱ ግርጌ የታሰረ በግ አገኘሁና ሰጠሁት።

አሥር ሰዓት። ሀብቴ መጥቶ በእኔ ወንበር ተቀመጠ፤ እኔ በሱ። ጠላት ጉብታ ላይ ያለ ወፍጮ ቤት ይዟል፤ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ወስደን ሦስት ደቂቃ ይዘን መቆየት አለብን። እኔ ብሆን በአምስተኛው ደቂቃ በፊት ለፊት እሮጥ ነበር። ሀብቴ ሃያ ደቂቃ ሙሉ በጎድጓዳው ውስጥ አስዞረን። «ቁም።» «ተኛ።» «አይዳ፣ ከቀኝሽ ያለው ግንብ እስከ የት ነው?» እሷ ትመልሳለች፣ እሱ ያስባል። ጉልበቴ ጠረጴዛውን ይመታል፣ ምላሴን ነክሻለሁ። ይፍሩ እንኳ አልቀለደም።

ወፍጮ ቤቱ ሥር ስንደርስ ሀብቴ መንገዱን ለማየት ራሱ ግንቡን ዘለለ። አንድ ጥይት። ወደቀ።

አርባ እርምጃ ይሆናል። ፋሻው እጄ ላይ ነው። ተነሣሁ።

«አትምጣ» አለ ሀብቴ። ከአጠገቤ ወንበር ላይ ነው፣ በሄድፎኑም በጆሮዬም ሰማሁት። «መስኮቱን እይ።»

አየሁ። በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጥቁር አራት ማዕዘን፣ በጥቁሩ ውስጥ ደግሞ የመትረየስ አፍ፣ ቀጭን። አይተኩስም። ሀብቴን መጨረስ ይችላል፣ አይጨርሰውም። የሚጠብቀው እኔን ነው። ሐሙስ ድልድዩ ላይም እንዲህ ነበር። እኔ ወድቄ ስጮህ፣ ሀብቴ ከድንጋዩ ኋላ ሆኖ የሚያየው ይህን ነበር።

«ይፍሩ፣ ጭስ።»

ይፍሩ ወረወረ። ጭሱ ተነሣ፣ ነጭ ሆነ፤ የጌሙ ነፋስ ወደ ግራ ወሰደው።

«ሠላሳ ሰከንድ» አልኩ፣ ሳልጠየቅ።

«ጭሱ ገና ነው። ጠብቅ።»

አንድ ቁልፍ ብጫን የኔ ሰውዬ ይሮጣል፤ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው። ሃያ። ሀብቴን በጎን አየሁት። እጁን ከማውሱ ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አኑሯል። አሥር። ጣቴን ከቁልፉ አነሣሁ። የሀብቴ ስክሪን አመድ ሆነ።

ያን ጊዜ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው መጠበቁ ሰልችቶት ጭሱ ውስጥ ዝም ብሎ ተኮሰ፤ አይዳ የእሳቱን ብልጭታ አይታ አንዴ ተኮሰች። ሦስታችን ገባን። ወፍጮ ቤቱን ያዝን፣ ግን ለመያዣ የሚጠየቀው ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ሰዓቱ አለቀ። አሥራ አንድ ሰከንድ ጎደለን። ሐዋሳዎቹ አዲስ አበባ ይሄዳሉ።

ማንም አልጮኸም። ይፍሩ «አሥራ አንድ! ባጃጅ እንኳ በአሥራ አንድ ሰከንድ አይነሣም» አለና ራሱ ብቻ ሳቀ። አይዳ ውኃ ጠጣች።

ሀብቴ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «መስኮቱን አየኸው?»

«አየሁት።»

«ሐሙስም ነበር።»

«ገብቶኛል።»

«ታርቀናል ማለት አይደለም።»

የሐኪሙን ሄድፎን አውልቄ፣ ገመዱን ጠቅልዬ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖርኩት።

«ያን ጽሑፍ አጥፋው» አለ። «የእማዬን። ፎቶዋን ያየ ሁሉ ገበያ ላይ ‹መምህሩ የበላልሽ አንቺ ነሽ?› እያለ ይጠይቃታል። ሁለት ዓመት ሙሉ። ያን ቀን ቤቷ የገባው እንግዳ እንጂ ምጽዋት ሰጪ አልመሰላትም ነበር።»

ስልኬን አወጣሁ። ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ሁለት ዓመት የእኔ ቁጣ። አገኘሁት። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አነበብኩ፤ በ«እኔ» ይጀምራል። በጽሑፌ ውስጥ የእናትየው ስም እንኳ የለም። ፈለግሁ፤ የለም። አልጠየቅኋትም ነበር።

«ስማቸው ማን ነው?» አልኩ።

«መጀመሪያ አጥፋው» አለ ሀብቴ።

ስልኩ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አጠፋሁት። ቀና ስል ሀብቴ ወደ ስክሪኑ ዞሯል፣ የሐሙሱን ልምምድ ካርታ ከፍቷል፣ አይዳ ወንበሯን አስጠግታ ጣቷን ድልድዩ ላይ አድርጋለች። የእናቱን ስም አልነገረኝም። ከጠረጴዛው ጫፍ የሐኪሙን ሄድፎን፣ ገመዱ እንደተጠቀለለ፣ ሳያየኝ ወደ እኔ ገፋው። አደረግሁትና ጠበቅሁ።