«ሙከራ» የተባለው ቴፕ

«አጥፊው፣ አንበሳው» አሉኝ ጋሼ በበሩ ብቅ ብለው። ማጫወቻውን አጠፋሁና እጄን አጣምሬ ጠበቅኋቸው።

«ምን አፍጥጠሽ ታዪኛለሽ? አጥፊው እንጂ!»

«አጠፋሁት እኮ ጋሼ።»

«ማሽኑን ማን አለሽ? ቴፑ ላይ ያለውን!» ሳቁ። «ዩኒቨርሲቲ ይህን አያስተምሩም?» ብለውኝ ሄዱ።

ጋሼ የሬዲዮ ጣቢያው የድምፅ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ጥበቃውንም፣ ዳይሬክተሯንም፣ እኔንም «አንበሳው» ይሉናል። «እኔስ አንበሳዋ ነኝ» ልላቸው አስቤ አፍሬ ትቼዋለሁ። ሥራዬ አሮጌ ቴፖችን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው፤ እሳቸው የማይረባ ያሉትን ደግሞ ማጥፋት። ውሌ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ የሚያራዝሙልኝም እሳቸው ናቸው።

ቴፑ ላይ «ሙከራ» ብቻ ነው የተጻፈው። ጥቂት የሰማሁት ድምፅ ግን የዘፋኙ የመብረቅ ነበር።

መብረቅን የማያውቅ የለም። በጠራራ ፀሐይ የዝናብ ካፖርት ለብሶ፣ ድምፅ ማጉያ ላይ ወጥቶ ጊታሩን በጫማው የሚመታው የሮክ ዘፋኝ ነው። ሁለት አልበም አውጥቶ ጠፋ። አባቴ «ጮኾ ጮኾ ድምፁ አለቀ» ይላል፤ እናቴ «አበደ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ዘፍኗል ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እንደገና ከፈትሁት።

ጩኸት የለም። ጊታሩ ጨርቅ የለበሰ ይመስላል። መብረቅ ሕፃን የተኛበት ቤት እንዳለ ሰው በትንፋሹ ይዘፍናል። ውብ ነበር። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ከሩቅ የእግር ኮቴ ተሰማ። ዘፈኑ ቆመ። ከረጅም ዝምታ በኋላ ሌላ ሰው አንሾካሾከ፦

«ቀስ፣ አንበሳው። ደረጃው ላይ ናቸው።»

ድምፁ የወጣት ነው፤ ግን የጋሼ ነው።

ቀና ስል በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሰማሽው?»

አልሰማሁም ልል ነበር። «ሦስት ዘፈን» አልኩ። ማጫወቻውን በእጄ ከለልሁ። «ጋሼ፣ እኔ አላጠፋውም።»

ፊታቸው አመድ መሰለ።

«እንዳይዘፍን ከልክለውት በድብቅ ነበር የቀዳሁት። በማግሥቱ የደኅንነት ሰዎች መብረቅን ወሰዱት። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እስኪጠይቁኝ እጠብቃለሁ። ላጠፋው ስል እጄ እምቢ ይለኛል። ለዚህ ነው ላንቺ የሰጠሁሽ።»

ከኮሪደሩ የጫማ ድምፅ መጣ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ድምፁ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። የጋሼ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ባልዲ ተንኳኳ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። አለፈች።

ጋሼ በሩን ቆለፉ። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ድምፁን ዝቅ አደረጉት፤ ሦስቱንም፣ የቀሩትንም ዘጠኝ ዘፈኖች ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥናቸው።