አራት መቶ አስር ግራም

ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ካለች እድሜዬን ይቁረጠው፣ አስራ አራት እንቁላል፣ ግማሽ ድስት ድንች፣ አንድ ሙሉ የፖም ኬክ፣ ሳህኑ የተረፈው ሸክላ ስለሆነ ነው፣ እና ሚዛን የሚሉት መንገደኛ አሁንም አልጠገበም፣ ከሜክሲኮ ድንበር ተነስቶ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር በእግሩ ወደ ካናዳ የመጣ ሰው ሆድ ጉድጓድ ነው፣ ግን ይኼ ረሃብ አይደለም፣ ይኼ ሌላ ነገር ነው፣ በመስኮቱ ተራራው አይታይም።

ጠዋት ይታይ ነበር።

ሚዛን እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። መንገዱ ላይ የቤት ስምህን ቤትህ ትተህ ትመጣለህ፣ ሰው ባየብህ ነገር ይጠራሃል፣ እሱ ኪስ በምትገባ ሚዛን የጥርስ ብሩሹን ሳይቀር የሚመዝን ነው፣ ጓደኛው ደግሞ ሸክም ለማቅለል ብሎ የማንኪያውን እጀታ ቆርጦ የጣለ፣ ስለዚህ ማንኪያ። ቁረጠው ያለው ማን ሆነና፣ ሚዛን ራሱ።

ለቁርስ እደርሳለሁ ነበር ያለው ማንኪያ። ትናንት ረፋድ፣ ከተራራው ወዲያ ማዶ፣ ሐይቁ አጠገብ፣ ጉልበቱን በጨርቅ እያሰረ፣ አንተ ሂድ ወንድሜ፣ እኔ እንደ አሮጊት ቀስ እያልኩ እመጣለሁ፣ እንቁላሉን ብቻ እንዳትጨርስብኝ፣ ሚዛንም ሄደ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ጥርት ያለ፣ አሁን ሰባት ሰዓት አልፏል።

ልብሱ በሙሉ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ነው፣ ከተማ የገባ መንገደኛ ወጉ ይኼ ነው፣ እርቃን ገላ ላይ የዝናብ ጃኬትና የዝናብ ሱሪ፣ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንደ ፌስታል ይንኮሻኮሻል። ዶሪን፣ የማረፊያው ባለቤት፣ ሳህኑን እያነሳች ማሬ፣ ጠረጴዛውን ልተውልህ ወይስ እሱንም ትበላዋለህ ትለዋለች፣ ይስቃል፣ ዶሪን፣ ከላይ የወረደ ሰው አለ? ሁለት ሴቶች መጥተዋል፣ በረዶው ቁርጭምጭሚት አልፏል ብለዋል። ሰው አላዩም? አላየንም ነው ያሉት ማሬ። ድንኳንስ? ዶሪን የታጠበውን ሳህን መልሳ ታጥባለች።

ቁርጭምጭሚት ምን አላት። ጨዋታ ናት። ጃኬቱን ለብሶ ከሆነ፣ ጃኬቱን፣ ተው፣ እሱን አታስብ።

እንዴት አያስብ። ጠዋት ፖስታ ቤት ሄዶ አይቶታል። መንገደኛ ለራሱ ዕቃ ይልካል፣ ለሚቀጥለው ከተማ፣ ምግብ፣ ካልሲ፣ ለጊዜው የማይፈልገውን ከባድ ነገር፣ ካርቶኑ ቀድሞ ገብቶ ባለቤቱን ይጠብቃል። ሚዛን የራሱን ተቀበለ፣ ከዚያ ቀና ሲል መደርደሪያው ላይ አረንጓዴ ፕላስተር የተጠመጠመበት ካርቶን፣ የጠመጠመው ራሱ ነው፣ ውስጡ ያለውን ከነግራሙ ያውቀዋል፣ የማንኪያ የላባ ጃኬት፣ አራት መቶ አስር፣ ባለፈው ከተማ ፀሐይዋ አስፋልት ታቀልጥ ነበር፣ ስማ አንተ፣ አለው ሚዛን፣ ጉልበትህ እያለቀሰ ይኼን ተሸክመህ የት ነው፣ ለሳምንት ተገላገለው፣ ማንኪያ ጃኬቱን እንደ ድመት አቅፎ፣ ብርድ እፈራለሁ ሚዛን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ፣ እንዳትስቅብኝ።

ሳቀበት።

የጓደኛዬ ነው፣ ልውሰድለት፣ አለ ጠዋት ለጊልበርት፣ ለፖስታ ቤቱ ሽማግሌ፣ ጺሙ ግቢ የሚጠርግ፣ ጊልበርትም ደንብ ነው፣ የባለቤቱን ስም ንገረኝ አለው። ማንኪያ። ጊልበርት ከመነጽሩ በላይ አየው፣ እና ካህኑ ይኼን ስም እሺ ብለው አጠመቁት? ሁለቱም ሳቁ፣ ጠዋት ነበራ።

አምስት ወር። እንዴት እንደሚያንኮራፋ፣ ሽንኩርት ለይቶ እንደሚጥል፣ መብረቅ ሲጮህ ከንፈሩን እንደሚነክስ፣ የቱ ጥርሱ እንደሚያመው፣ ይኼን ሁሉ፣ ስሙን ግን አይደለም፣ አገሩ ኦሃዮ ነው ወይስ አዮዋ፣ ማንኪያ አድራሻውን ሲጽፍ ሚዛን አይስክሬም ሊገዛ ወጥቶ ነበር፣ አይስክሬም፣ አንድ ነገር ቢሆን ለማን ነው የሚደወለው፣ ምን ይሆናል፣ ምንም አይሆንም፣ አሁን ያንን በር ከፍቶ እንቁላሌስ ይላል።

በሩ ይከፈታል። ጊልበርት ነው፣ ብርቱካናማ ካፖርት ለብሶ፣ በዚህች ከተማ ፖስታ የሚያድለውም ተራራ ላይ የጠፋ የሚፈልገውም እሱ ነው፣ ዶሪን ናት የደወለችለት፣ ብብቱ ስር ካርቶኑ። ኤልዉድ ሃርግሮቭ ይባላል ጓደኛህ፣ ይላል። ሚዛን ይደነግጣል፣ ሰው በሙሉ ስሙ የሚጠራው ፍርድ ቤትና መቃብር ድንጋይ ላይ ነው፣ ይኼ ሰውዬ ማነው፣ ካርቶኑ ላይ ስልክ ነበር፣ ደወልኩ፣ ሴት ልጁ አነሳች፣ ይላል ጊልበርት፣ ቀስ ብሎ፣ ጃኬቱን የገዛሁለት እኔ ነኝ፣ ብርድ ይፈራል፣ ለብሶታል አይደል አለችኝ።

ምን አልካት?

አዎ አልኳት። ምን ልበላት።

ማሽኑ ገና ይዞራል። ሚዛን አስቁሞ ይከፍተዋል፣ ውኃ የሚያንጠባጥበውን ሱሪ ይጎትታል፣ አንተ እዚሁ ቆይ፣ ይላል ጊልበርት፣ የተለያያችሁበትን ካርታው ላይ አሳየኝና ይበቃል፣ አይበቃም አባባ፣ ሐይቁ ድረስ የምመራህ እኔ ነኝ፣ ዶሪን የሟች ባሏን የሱፍ ሹራብ አንገቱ ላይ ታጠልቅለታለች።

መኪናው የሚደርስበት ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በእግር፣ ከዚያ ጉም። በረዶው ቁርጭምጭሚት አይደለም፣ ጉልበት ነው፣ ሴቶቹ ከወረዱ ወዲህ ጨምሯል። ምልክት የለም፣ ዱካ የለም፣ ሚዛን ጃኬቱን ከካርቶኑ አውጥቶ ሹራቡ ስር ከደረቱ አጣብቆታል፣ እንዲሞቅለት፣ አራት መቶ አስር ግራም፣ ማን ነው ይኼን ቀላል ያለው፣ አንገት ይሰብራል እኮ። ስሙን ጥራው ይላል ጊልበርት። የትኛውን? ማንኪያ፣ ብሎ ይጣራል፣ ተራራው ዝም፣ ከዚያ የማያውቀውን ሰውዬ፣ ኤልዉድ፣ ኤልዉድ ሃርግሮቭ፣ ዝም፣ ቀኑ እየጠቆረ ነው፣ ይቅርታ የሚባለው በየትኛው ስም ነው፣ ሳቅኩብህ፣ ሰማኸኝ፣ ሳቅኩብህ፣ እና ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ቀጭን ፉጨት፣ አንዴ፣ ደግሞ ሁለተኛ፣ ጊልበርት ዝም በል ብሎ እጁን ያነሳል፣ ሚዛን ግን አይሰማውም፣ በጉልበቱም በእጁም ሽቅብ እየቧጠጠ፣ መጣሁ፣ ይዤልህ መጣሁ፣

እንግዲህ ምያለሁ፣ እንቁላሉም አስራ አራት ነው፣ ልጅቷም ያንኑ ነው የጠየቀችው፣ ከዚህ ሁሉ ከራሴ የጨመርኳት አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት።

ፉጨቷን።