ነጭ የተቀባው ሐዲድ

የፓርላማ ኮሚቴ ሊጎበኘን ነው በተባለ ማግስት ከናይሮቢ ሰላሳ ጣሳ ነጭ ቀለም መጣ። እኔ የጣቢያው ኃላፊ ነኝ፤ ሐዲድ ላኩልኝ ብዬ አሥራ አንድ ዓመት ስጽፍ ብሎን እንኳ አልመጣልኝም። ቀለሙ ግን ከነብሩሹ መጣ።

ሠራተኞቼ ሙዋኪዮና ምጎይ ሐዲዱን በእግራቸው እየዞሩ ነበር የሚጠብቁት። ስንጥቅ ሲያገኙ ቀይ ይቀቡታል፤ ነጂው ቀዩን ሲያይ ቀስ ይላል። አምና ምጎይ ተባረረ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ምርታማነት የሚሉት ነገር አለ፤ ጭነቱን ለሠራተኛው ቁጥር ያካፍሉታል። እኛ በተባረርን ቁጥር ምርታማ እንሆናለን፣ እሳቸውም ቦነስ ይበላሉ።

ቀቢዎቹ ድንጋዩንም ሐዲዱንም ነጭ አደረጉት። ቀዮቹ ምልክቶች አብረው ጠፉ።

የጉብኝቱ ቀን የኮሚቴው ባቡር ከጣቢያዬ ሊወጣ ሲል ሙዋኪዮ ሐዲዱ ላይ ከፊቱ ቆመ።

"ምን ሆነሃል አንተ?" አሉት ሥራ አስኪያጁ በመስኮት።

"ጌታዬ፣ ስንጥቁ የት የት እንደሆነ ጠፋኝ። ከድልድዩ ወዲያ ያለውን የሚያውቀው ምጎይ ነው።"

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሳምቡሳቸውን አስቀመጡ። "ስንት ነበር?"

"አርባ ሰባት፣ ክብርት ሆይ።"

"አሁንስ?"

"አሁን አንድም አይታይም" አሉ ሥራ አስኪያጁ ቀድመው።

ሰብሳቢዋ ይህንኑ ጻፉ። ከዚያ መኪና አስጠሩና ኮሚቴው በሙሉ በአስፋልት ተመለሰ። ሥራ አስኪያጁም አብረው ገቡ። "የአሥር ሰዓቱን ባቡር ልቀቂው" አሉኝ በሩን እየዘጉ።

በአሥር ሰዓቱ ባቡር ሦስት መቶ ሰው ይሄዳል። ልጄ ምካሚም ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቷ ልትመለስ የብረት ሳጥኗ ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችው ነበር። ለምጎይ ደወልኩ።

"ምጎይ፣ እንዳባረሩህ አውቃለሁ፣ በምን አፌ እንደምለምንህ…"

"ተይ እንጂ ማማ ምካሚ። ጫማዬን ላድርግና መጣሁ።"

ከባቡሩ ፊት ፊት በእግሩ እየሄደ ስንጥቁን አንድ በአንድ አሳየ። ልጄ በሰላም ገባች። ቀይ ቀለም ብጠይቅ በጀት የለም ስለተባልኩ፣ ምጎይ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይሄዳል፣ በነጻ።

የዓመቱ ሪፖርት ሲደርሰኝ አነበብኩለት። ስንጥቅ ዜሮ። ምርታማነት ጨምሯል። ለሥራ አስኪያጁ ቦነስ ተፈቅዷል። ምጎይ መርቶ ያሳለፈው ጭነት ተቆጥሯል፤ እሱ ግን ደሞዝተኛ ስላልሆነ ከሠራተኛ አልተቆጠረም።

"እንግዲያ ቢመልሱኝ ምርታማነታቸውን አበላሽባቸዋለሁ ማለት ነው" አለና ባቡሩን ሊመራ ወጣ።