የደሳለ መጋዝ

«ይኼ ብረት ከእንግዲህ እዚህ ቤት አያድርም!»

ከፋለ የሟች ወንድሙን የሞተር መጋዝ በጆንያ እንደተጠቀለለ ከጎታው ሥር ጎትቶ አወጣው። ከቤቱ ጀርባ ጎርፍ የሸረሸረው ገደል አለ፤ እዚያ ሊወረውረው ነው። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ለቀስተኞች ከንፍሯቸው ቀና አሉ። የሟች ሚስት ውባንተ ከሰሌኑ ተነሥታ የጆንያውን ጫፍ ጨበጠች።

«ተወው፣ ከፋለ።»

«ወንድሜን የበላ ዕቃ ነው እኮ!»

«ሠልስቱ ይውጣ። ከዚያ ራሴ እጥለዋለሁ።»

ለቅሶ ድምጿን አሻክሮታል። ከፋለ በሰው ፊት ከሐዘንተኛ ጋር መጓተት አሳፈረውና ለቀቀው። እሷ ጆንያውን መልሳ ከጎታው ሥር አስገብታ ከአማቷ ከእማሆይ ፋና አጠገብ ተቀመጠች።

«የባሏ እጅ የነካው ሆኖባት ነው፤ ምን ታድርግ» አለች ከኋላዋ አንዷ።

«ኧረ ሰንሰለቱ ነው አሉ የጨረሰው። መጋዙ ነጥሮ ጣለው፤ ዛፉ ደግሞ ከላይ መጣበት» ስትል ሌላዋ አንሾካሾከች።

ውባንተ ሰማች። ያን ሰንሰለት የሳለችው እሷ ናት። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱንም ቀብረውት መጥተዋል።

ደሳለ ከላሊበላ እስከ ፍላቂት ባሕር ዛፍ ያለው ሰው ሁሉ የሚጠራው ቆራጭ ነበር። በጎረቤት ቤትና በአጥር መሀል የበቀለውን ግንድ፣ አንዱንም ሳይነካ ባዶው መሬት ላይ ያጋድመዋል። «ደሳለ ዛፍ አይጥልም፣ ያስተኛል» ይሉታል። ከሥራ ሲመለስም ደጃፉ ላይ ካለው ጉቶ ተቀምጦ መጋዙን ሲጠርግ፣ ሲሞርድ፣ ዘይት ሲያጠጣ ማየት ለመንደሩ የተለመደ ነበር።

አንድ ክረምት ውባንተ አንዱን ጥርስ ደጋግሞ ሲሞርድ አየችው። ቀጥሎ ያለውን ዘለለው። ወዲያው ሞረዱ ስቶ አውራ ጣቱን ቀደደው። ደሙን ልታቆምለት ስትጎነበስ፣

«ውቤ፣ ጥርሱ አይታየኝም» አላት። «ጉም ሆኖብኛል። ሩቁማ ጭራሽ የለም።»

«ሐኪም ዘንድ እንሂድ።»

«ከሄድኩማ ወሬው ይቀድመኛል። ዓይኑ የጠፋ ቆራጭ ማን ይጠራል? በነአኩቶ ለአብ ማይልኝ። ለማንም፤ ለእናቴም ቢሆን።»

ማለችለት።

ከዚያ ወዲያ ሞረዱ የእሷ ሆነ። እሱ ከጎኗ ተቀምጦ ጥርሱን በጣቱ እየዳሰሰ አስተማራት። «ግፊ እንጂ አትሳቢ። አንዱን ሦስቴ ከገፋሽ ሁሉንም ሦስቴ። የአንዱ ጎን ከሌላው ከበለጠ አቆራረጡ ይጣመማል።» ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት ያለችውን አጭር ጉብታ «ልጓም» ይላታል። ልጓሟ በልኩ ዝቅ ስትል ጥርሱ ደኅና ይጎርሳል፤ ከልክ ካለፈች ግን መጋዙ እንደ ደነበረ በቅሎ ይነጥራል። ሰው ወደ ደጃፉ ብቅ ሲል ሞረዱን ከእጇ መንጠቅ ልማዱ ነበር፤ እሷም ሰበብ ፈጥራ ወደ ጓዳ ትገባለች። ነአኩቶ ለአብ ገዳም እየወረዱ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጠበል ዓይኑ ውስጥ ታፈስለታለች። ሰው ሲጠይቀው «ሆዴን ነው» ይላል።

በመጨረሻ የተለያዩት ተጣልተው ነው።

«ይብቃህ፤ በጉ አለን፣ ገብሱ አለን» አለችው።

«ይኼን ዱር ልጨርስ። ልጓሙን ዝቅ አድርጊው፤ ቶሎ ይብላልኝ።»

እልህ ያዛትና ከወትሮው አብዝታ ሞረደችው። በማግሥቱ ሬሳው መጣ።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ጆንያውን ይዛ ጭድ ቤት ገባች። ፈታችው። ሰንሰለቱ አልተበጠሰም። በጣቷ ሳብ አደረገችው፤ ጥቂት ተነሥቶ ተመለሰ፤ አልላላም። እጅ የሚከልለው የፊቱ ማገጃ በቦታው ነው። መጋዙ ነጥሮ ቢሆን ኖሮ የደሳለ ክንድ ወደ ፊት ገፍቶት፣ ማገጃው ሰንሰለቱን ባሰረው ነበር። የጎኑን ክዳን በመፍቻ ስትከፍት የታጨቀው ፍቅፋቂ መዳፏ ላይ ፈሰሰ። የደነዘ መጋዝ ዱቄት ነው የሚተፋው፤ ይኼ ግን ረዘም ረዘም ያለ፣ ንጹሕ ፍቅፋቂ ነው። መጋዙ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት በደንብ ሲቆርጥ ነበር።

«እኔ አይደለሁም» አለች ለራሷ። ጭዱ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ከቀብሩ ወዲህ ደረቷ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። ግን ሁሉም ነገር ደኅና ከሆነ፣ ታዲያ ምን ገደለው?

ሠልስቱ ዕለት ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ እንደተቀመጠ መሐመድኑር መጣ። የደሳለ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ዛፉ ሲቆረጥ ገመድ የሚስበውና ጫፉን የሚጠብቀው እሱ ነበር። በቀብሩ ቀን ቃሬዛውን እስከ መንደሩ ተሸክሞ አምጥቶ፣ ከዚያ ዓይኑም አልታየ። ከፋለ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ገተረው።

«ወዴት?»

«ወንድሜን ላለቅስ።»

«ወንድምህ? ቆመህ ያስገደልከው?»

«በአላህ ይዤሃለሁ፣ ስማኝ። ዛፉ ሲወድቅ ሌላው ላይ ተንተራሰ። ከላይ ደረቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ሲመጣ አየሁ። ሞተሩ ሲጮኽ ድምፅ አይሰማም፤ ምልክታችን እጅ ነው። ሁለቱንም እጄን አነሣሁለት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊት ለፊት! ግን ንቅንቅ አላለም።»

«ውሸታም! ደሳለ ነው አይቶ ዝም የሚል? አላነሣህም!»

መሐመድኑር እጆቹን ቁልቁል ተመለከተ። «እኔስ ምን አውቄ፣ ከፋለ? ‹አንሥቻለሁ ወይስ ያነሣሁ መስሎኝ ነው› እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ።»

ከውስጥ አንድ ሰው «የደም ነገር ነው፤ በዋዛ አይታለፍም» አለ። ሁለት ጎረምሶች ዱላቸውን ይዘው ተነሡ።

ውባንተ የደሳለ ቃል ትዝ አላት። «ሩቁማ ጭራሽ የለም።» ደሳለ ፊቱን ወደ ባልደረባው ያዞረው የት እንደሚቆም ስለሚያውቅ ነው። እጁን ግን አላየም። ጭድ ቤት ውስጥ የወረደላት ሸክም ተመልሶ ጫንቃዋ ላይ ወጣ፤ አሁን ደግሞ ከበደ። ሰንሰለቱ ደንዞ ቢሆን፣ አጠማምማ ሞርዳው ቢሆን ኖሮ ደሳለ ቤቱ በቀረ ነበር። ስላሳመረችው ነው ዱር የገባው። አሁንም ዝም ብትል መሐላዋ ይጸናል፤ የባሏም ስም እንደተከበረ ይኖራል።

ብድግ አለች።

«እጁን አንሥቷል።»

«አንቺ የት ነበርሽና?» አላት ከፋለ።

«ደሳለ አያይም ነበር።»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«መጋዙን የምስልለት እኔ ነኝ። ጥርሱ አይታየውም። ራቅ ያለ ሰውም አይታየውም። እንዳልናገር አስምሎኝ ነው። መሐላውን ዛሬ አፍርሻለሁ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። ይኼን ሰው ግን አትንኩት።»

ከፋለ ለማንም ሳይሆን፣ «ባለፈው ገና» አለ፤ «ላሊበላ ገበያው መንገድ ላይ ሰላም ሳይለኝ አለፈ። ኮርቶብኝ ነው ብዬ... እስኪሞት ድረስ አኩርፌው ነበር እኮ።» የድንኳኑን ምሰሶ ተደገፈ።

መሐመድኑር ባለበት ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በሻሹ ሸፈነ። «ምነው ለእኔ እንኳ ቢነግረኝ! ሮጬ በጎተትኩት!» ጎረምሶቹ ዱላቸውን አስቀመጡ። ከፋለ ዘወር ሳይል ክንዱን ዘርግቶ መሐመድኑርን አነሣውና ወደ ውስጥ አስገባው።

ውባንተ ወደ ሰሌኑ ተመለሰች። እማሆይ ፋናን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። እርግማናቸውን ጠበቀች፤ ይገባኛል ብላም አምናለች።

«ጠበሉ ለሆዱ አልነበረማ» አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው።

«አልነበረም፣ እማሆይ።»

ቀኝ እጇን ሳቡና ጭናቸው ላይ ዘረጉት። የሞረዱ እጀታ ያደደረውን መዳፍ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። በጣቶቿ ስንጥቅ ውስጥ ሳሙና ያላስለቀቀው የብረትና የዘይት ጥቁረት ነበር። የነጠላቸውን ጫፍ በምራቃቸው አርሰው ይጠርጉላት ጀመር። ጥቁረቱ አልለቀቀም። እሳቸውም መጥረጉን አልተዉም።