የሻምበል ጠጠር

መካኒኩ ሳሎኑ መሀል በደረቱ ተኝቶ፣ ጉንጩን ምንጣፉ ላይ ለጥፎ፣ በባትሪ መብራት የሻምበልን ቂጥ ያያል። ከሻምበል ሥር ነጭ ካርቶን አንጥፏል። ጋራዥ ውስጥ የሚያንጠባጥብ መኪና ሲመጣ እንዲህ ነው የሚደረገው። ነጭ ካርቶን ሥሩ ትሰዳለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ጠብታው ራሱ በቀለሙ ይናዘዛል። ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት፣ አረንጓዴ ከሆነ ራዲያተር፣ ቀይ ከሆነ ደግሞ ካምቢዮ።

«ቀይ ነው» አለ መካኒኩ።

«ካምቢዮው ነዋ» አለች ሚስቱ ከሶፋው ላይ።

ግን እሷም አልሳቀችም፤ ምክንያቱም ሻምበል መኪና አይደለም። ሻምበል ጊኒ ፒግ ነው፣ ጥንቸል ከአይጥ የወለደው የሚመስል የቤት እንስሳ። ጭራ የለው፣ አንገት የለው፣ ከጆሮው እስከ ቂጡ አንድ ወጥ ድንች። ጢሙ ብቻ ነው ማዕረግ ያሰጠው። ባለቤቱ ደግሞ የሚስቱ እናት ናቸው፣ ማለትም አማቱ፣ ማለትም ጉድ ፈላ።

አማቱ ሌላዋ ልጃቸው ጋ አስር ቀን ሊሰነብቱ ሲሄዱ ሻምበልን አደራ ያሉት መካኒኩን ነው። ልጃቸውን አይደለም። ሆን ብለው ነው። ይሄ ሰው የነካው ነገር ሁሉ ይበላሻል ብለው ስድስት ዓመት የተሟገቱ ሴትዮ ናቸው፣ ማስረጃም አላቸው። አንድ ጊዜ የስፌት መኪናቸውን ልጠግንልዎት ብሎ ፈታላቸው፣ ገጠመላቸው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናው ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚሰፋው። ይቺን ታሪክ እቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ ወንበር ሳይስብ፣ ይነግሩታል። በር ላይ ሻንጣቸውን ይዘው ቆመው እንዲህ አሉት፦

«ሻምበልን ደህናውን ካስረከብከኝ፣ የስፌት መኪናውን ነገር ሁለተኛ አላነሳም።»

አያችሁ? ለመካኒኩ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

መመሪያውንም በጽሑፍ ተዉለት፣ ከሥሩ ፈርመው። ጠዋት አንድ እፍኝ ቆስጣ፣ ማታ አንድ እፍኝ ቆስጣ፣ ድርቆሽ፣ ውሃ። ከቁርስ በኋላ ደግሞ «ከኔ ክኒን ግማሿን አድቅቀህ»። ክኒኗ ሐኪም ለራሳቸው አጥንት ያዘዘላቸው ካልሲየም ናት። የኔን አጥንት ያጠነከረ የሱን ምን ይለዋል ነው ነገሩ። መካኒኩ ደግሞ መመሪያ ላይ ቀልድ አያውቅም። ብሎኑ እዚህ ድረስ ይጥበቅ ከተባለ እዚያው ድረስ ነው። አንድም ቀን ሳያጓድል ሰጠ።

በስድስተኛው ቀን ሻምበል መለወጥ ጀመረ። ጀርባውን ቆልምሞ ይቀመጣል። ቶሎ ቶሎ ይሸናል፣ ግን ጠብ ብቻ። በሸና ቁጥር ደግሞ ሸራው እንዳለቀ ፍሬን ሲጥ ይላል። የደረቀው ቦታ ላይ በእጅ ሲዳሰስ የሚሻክር ነጭ ነገር ይቀራል፣ ጠመኔ በሉት። መካኒኩ አሰበ፣ አሰበና በሙያው ደመደመ፦ የሚያፈስ ነገር ካለ መጀመሪያ ቧንቧው ይዘጋል። የሻምበልን የውሃ ጠርሙስ በግማሽ ቀነሰ። ለማንም አልተናገረም። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣብናለች።

በሰባተኛው ቀን ነው እንግዲህ ካርቶኑ ላይ ቀይ የወረደው።

ጋራዥ ሄዶ ብሎን ለሚሉት ባልደረባው ነገረው። ብሎን የማያውቀው በሽታ የለም። ጥርሱን ሲታመም ከታዘዘለት የተረፈች እንክብል ከመሣሪያ ሳጥኑ ቆፍሮ አወጣና ግማሿን ስጠው አለው። መካኒኩ እቤት ይዟት መጣ፣ ሊከፍታትም ነበር። ሚስቱ እጁን አየችና «እማዬ ምን ሰጠኸው ስትልህ የብሎንን ጥርስ ነው የምትነግራት?» አለችው። ያን ጊዜ ሻምበልን የዘይት ፊልትሮ በመጣበት ካርቶን ውስጥ አስቀምጦ የእንስሳት ሐኪም ጋ በረረ።

ሐኪሟ ድምጿን ከፍ የማታደርግ፣ ዝም ብላ የምታይ ሴት ናት። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ይሰውራችሁ። ይበላል ወይ አለችው፣ ከጠዋት ጀምሮ ትቷል አላት። ሽንት አለች፣ ጠብታ ብቻ አላት። ሆዱን በሁለት ጣቷ ዳሰሰች። ቀይ ሁሉ ደም አይደለም፣ አንዳንዴ የነዚህ እንስሶች ሽንት በራሱ ይቀላል ብላ ቀጭን መመርመሪያ ወረቀት ሽንቱ ውስጥ ነከረች። ወረቀቱ ደም ነው አለ። ራጅ ተነሳ። ፎቶው ላይ፣ ፊኛው መሀል፣ አተር የምታክል ነጭ ነገር ቁጭ ብላለች።

«ጠጠር ነው» አለች። «ወንድ ስለሆነ መውጫው ጠባብ ነው። ይቺ ወርዳ ብትደፍነው ኖሮ ሌላ ቀን አይጨምርም ነበር።»

መካኒኩ ይሄኛው ገባው። የተደፈነ ቧንቧ ያውቃል።

ምን እንደሚበላ ስትጠይቀው የአማቱን ወረቀት ኮራ ብሎ አወጣ። ሐኪሟ አነበበች። ክኒኗ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ተመልሳም አነበበች። የነዚህ እንስሶች አካል የተረፈውን ካልሲየም በሽንት ነው የሚያስወጣው፤ በየቀኑ ቆስጣ፣ በላዩ ላይ ክኒን፣ እንግዲህ እየተጠራቀመ ይጋገራል አለችው።

እዚህ ላይ መካኒኩ ደስ አለው። አትፍረዱበት። ስድስት ዓመት ነው። ጥፋታቸው በገዛ እጃቸው ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ በእጁ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ መካኒኩ ያኔ ሁለቱንም ሆኖ ነበር።

«ውሃስ?» አለች ሐኪሟ።

መካኒኩ ወረቀቱን ማጣጠፍ ጀመረ።

«ውሃ በደንብ ይጠጣል ወይ?»

«ትንሽ... ቀንሼበት ነበር።»

«ለምን?»

«ስለሚያንጠባጥብ።»

ሐኪሟ አየችው። ከእግር እስከ ራሱ። ውሃ ሲያንስ ሽንቱ ይወፍራል፣ የተጀመረውንም ያባብሰዋል አለችው፣ አሁንም ድምጿን ሳታነሳ። የብሎንን እንክብል ሲያሳያት ደግሞ ላይዋ የተጻፈውን ስም አነበበችና ቆሻሻ ውስጥ ጣለቻት። ለሰው መድኃኒት የሆነች የጊኒ ፒግን አንጀት አበላሽታ ልትገድል ትችላለች።

ከሰዓት በኋላ ሻምበል ተቀዶ ጠጠሯ ወጣች። ሐኪሟም የራሷን መመሪያ ጻፈች። የሕመም ማስታገሻው በመርፌ ቱቦ በአፉ፣ ድርቆሽ እንደልብ፣ በቆስጣው ፈንታ ሰላጣና የማያቃጥል ቃሪያ፣ ክኒን እርም፣ ጠጠር ደግሞ ይመለሳልና በቀጠሮ ራጅ። ከሁሉም በላይ፣ አንደኛው መስመር ላይ፣ ሁለቴ አስምራ፦ «ውሃ በምንም ምክንያት አይቀነስበት።»

በአስረኛው ቀን አማቱ ገቡ። መካኒኩ ሳሎኑ ውስጥ እንደ ተፈታኝ ቆሟል። በቀኝ ኪሱ የአማቱ ወረቀት አለ፣ በግራ ኪሱ የሐኪሟ። ሻምበል ድርቆሹን እያላመጠ ነው፣ ካርቶኑም ላይ ጥሩ ቢጫ ነው ያለው። ሴትዮዋ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ አነሱት፣ ገለበጡት፣ የተላጨውን ሆድና ስፌቱን አዩ። መካኒኩ አሁን ጮኹ ብሎ ጠበቀ። አልጮኹም። ቀስ ብለው ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ ጢሙን በጣታቸው አስተካከሉለት።

«የኔ ጌታ» አሉት ለሻምበል። «ጎዱህ።»

ከዚያ ቦርሳቸውን ከፈቱና ክኒናቸውን አወጡ። ዛሬስ ግማሽ አይበቃውም፣ ተጎድቷል፣ ሙሉዋን ነው የምሰጠው አሉ።

መካኒኩ እጃቸውን ያዘ። በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የነካቸው።

«ክኒኗ ትቅር፣ እማማ።»

«ለምን?»

ሚስቱ ጣሪያውን ታያለች። የእናቷን ወረቀት ታውቃለች፤ የውሃውን አታውቅም።

የቀኙን ቢያወጣ የስፌት መኪናው ዛሬውኑ ይቀበራል፣ ግን እኚህ ሴትዮ በገዛ እጃቸው ሊገድሉት እንደነበር እያወቁ ዛሬ ማታ አይተኙም። የግራውን ብቻ አውጥቶ የውሃውን ጥፋት ቢሸከም፣ የስፌት መኪናው ታናሽ ወንድም ተወለደለት ማለት ነው፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ሲወራለት ይኖራል፣ እሳቸውም ጥፋቱ የውሃው ብቻ ነው ብለው ክኒኗን ነገ በድብቅ ይሰጡታል። ሐኪሟ ከልክላ ነው ብሎ ቢያልፍስ? አማቱ ቀድመውታል፤ ልጃቸው በር ላይ ስለ ቀዶ ጥገናውና ስለ ቀጠሮው ስትነግራቸው፣ ለራጁማ እኔው ራሴ ነኝ የምወስደው፣ ያቺን ሐኪም ዓይን ለዓይን አይቼ ነው የምጠይቃት ብለዋል። ያቺ ሴት ደግሞ ከተጠየቀች አትዋሽም።

«ለምን እኮ ነው የምልህ» አሉት፣ እጃቸውን ሳይነጥቁ። «ጥፋቱ የማን ነው?»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ፣ እጃችሁን የትኛው ኪስ ውስጥ ትሰዱ ነበር?