የበሽሎው አምባዛ

አቶ ጥበቡ በጉልምስናቸው ዘመን ከበሽሎ ወንዝ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው አያውቁም ነበር። ዛሬ ግን ዓይናቸው ደክሟል፤ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። ደብረ ታቦር ለምትሠራው ልጃቸው ለትዝታ ደውለው፣ «ሳልሞት አንዴ በሽሎ ወርጄ ዓሣ ላውጣ» አሏት። እሷም ለጥምቀት እሳቸው ወደሚኖሩባት አርብ ገበያ ከተማ ስትመጣ ከጓደኛዋ ድንኳን ተውሳ መጣች፤ በበቅሎ አስቀምጣም ቆላ ይዛቸው ወረደች።

ወንዙ ዳር ድንኳናቸውን ተክለው መንጠቆ ጣሉ። ትዝታ አንድ ወፍራም አምባዛ አወጣችና ባልዲ ውኃ ውስጥ አኖረችው። የአባቷ መንጠቆ ግን ትሉ እየተበላ ባዶውን ይወጣል።

«በቃ፣ እኔን ወንዙም ረስቶኛል» አሉና ክሩን እንደያዙ ወንዙ ዳር ካለ ሾላ ዛፍ ሥር አሸለቡ።

ትዝታ አንጀቷ አልቻለም። አምባዛዋን ከባልዲው አውጥታ በሳቸው መንጠቆ ሰካችና ወደ ወንዙ ለቀቀችው። ክሩ ሲወጠር ሽማግሌው ብንን አሉ።

«ያዝሁት! ትዝቴ፣ ያዝሁት!»

ጎትተው ካወጡት በኋላ ወደ ባልዲው ዞሩ። «ያንቺውሳ?»

«አመለጠኝ፣ አባየ።»

«አይ አንቺ!» ብለው እንደ ልጅ ሳቁ።

ሆዱን ቀደው አጠቡት፤ ጨውና አዋዜ ቀብተው በፍም ጠበሱት። ከጎኑ ለስላሳውን መርጠው አጎረሷት። «ብይ፤ የአባትሽ እጅ ያመጣው ነው።» ጎረሰችው። እውነቱን ስንመለስ በመንገድ እነግራቸዋለሁ ብላ ነበር፤ እሳቸው ግን ያገኙትን መንገደኛ ሁሉ እያስቆሙ ስለ ዓሣው ስላወሩ አፏን ያዘች።

ወደ ሥራዋ ከተመለሰች ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታቸው ማሬ ደወለችላት። «አባትሽ ዓሣ አወጣለሁ ብለው ብቻቸውን በሽሎ ወርደው ነበር። ከድንጋይ ተንሸራተው ዳሌያቸው ተሰበረ።»

ትዝታ ሐኪም ቤት ስትደርስ አልጋቸው አጠገብ ተንበረከከች።

«እኔ ነኝ በሽሎ ያስወረድሁዎት። ያ ዓሣ የኔ ነበር፤ ተኝተው ሳሉ መንጠቆዎ ላይ ሰካሁት። ይቅር ይበሉኝ።»



«የወደቅሁት እኔው ነኝ፤ ማንም አልገፋኝም» አሉ አቶ ጥበቡ። «ያንን ደስታዬን ግን ለምን ወሰድሽብኝ? ዝም ብትይ ምን ነበረበት?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትዝታ ፈቃድ ወስዳ አስታመመቻቸው፤ ሾርባውን ከእጇ ይቀበላሉ፣ ዓይኗን ግን አያዩም።

ለፋሲካ በምርኩዝ ቆመው መሄድ ጀመሩ። ቤታቸው የተሰበሰበው ጎረቤት በጨዋታ መሐል፣ «እስቲ ያን አምባዛ እንዴት እንደያዙት ያጫውቱን» አላቸው።

«ልጄ ናት የያዘችው» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ተኝቼ ነበር።»

ትዝታ ጠላ መቅዳቷን አቆመች። ያን ጊዜስ «እኔ ነኝ የያዝሁት» ብለው ቢዋሹ በወደደች ነበር።